የፊት ጎማ ሲጮህ፦ ኩሽኔታ ከመግዛታችሁ በፊት

አንድ ጊዜ የአሮጌ መኪናዬን የግራ የፊት ኩሽኔታ (ጎማው ሳይታገል እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ክብ ብረት) አስቀየርኩ። ድምፁ አልጠፋም። የቀኙንም አስቀየርኩ። ያው ነው። በመጨረሻ የፊት ጎማዎቹን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት ሳዘዋውር ጉምጉምታውም አብሮ ወደ ኋላ ሄደ። ለካ ጥፋተኛው ጎማው ራሱ ነበር። ጥርሱ ወጣ ገባ ሆኖ ተበልቷል። ሁለት ደህና ኩሽኔታ አስወልቄ ጣልኩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ጆሮዬን አስቀድማለሁ።

መጀመሪያ እየነዱ መስማት

መኪና የማይበዛበት ለጥ ያለ መንገድ ምረጡ። ራዲዮ ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ። በግንብ ጥግ ቀስ ብላችሁ ብትነዱ ደግሞ ድምፁ ግንቡ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ የበለጠ ይሰማችኋል። የምትፈልጉት «ምን ዓይነት ድምፅ ነው» የሚለውን ብቻ አይደለም። ዋናው ጥያቄ «መቼ ይጮሃል? መቼስ ይቀየራል?» ነው።

ትንሽ ፍጥነት ያዙና ማርሹን ዜሮ አድርጉት። ሞተሩ ሲረጋጋ ድምፁም አብሮ ከወረደ ጎማውን ተዉትና ኮፋኖ ከፍታችሁ ፈልጉ። መኪናው በራሱ እየሄደ ድምፁ ከቀጠለ ግን ነገሩ ከጎማ በኩል ነው። ይህን ስትሞክሩ ቁልፉን እንዳታጠፉ። መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል፤ መሪው ጭራሽ ሊቆለፍ ይችላል።

ቀጥሎ እየሄዳችሁ ፍሬኑን በስሱ ነካ አድርጉ። ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ ከጠፋ ወይም ከተቀየረ የፍሬን ሸራውን ጠርጥሩ፤ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ጨምቆ መኪናውን የሚያቆመው እሱ ነው። ብዙ ሸራዎች ሲያልቁ ዲስኩን እየነካች የምትጮህ ትንሽ የብረት ምላስ አላቸው። ማስጠንቀቂያ ናት። ፍሬን ስትይዙ ብረት ከብረት እንደሚፋጭ ከርከር ካለ ግን ማስጠንቀቂያው አልፏል፤ ሸራው አልቆ ዲስኩ እየተበላ ነው።

አሁን መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ዘንበል አድርጉት። የኩሽኔታ ድምፅ ጉምጉምታ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል፣ መኪናው ሲያጋድል ደግሞ ይለዋወጣል። ወደ ግራ ስታጥፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ፣ ያኔ ድምፁ ከጨመረ ቀድማችሁ የቀኙን ጠርጥሩ። ይህ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። ድምፅ በብረት ውስጥ ይጓዛልና ከግራ የመጣ መስሎ ከቀኝ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። መሪ ስታዘነብሉ የማይቀየር፣ አስፋልቱ ሻካራ ወይም ልስልስ ሲሆን ግን የሚለዋወጥ ጉምጉምታ አብዛኛውን ጊዜ የጎማው ጥርስ ነው። የእኔንም እንዲህ ብዬ ብሞክረው ኖሮ!

ሰፊ ባዶ ቦታ ካገኛችሁ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ ነዳጅ ሰጥ እያደረጋችሁ ዙሩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ጣታችሁን ወደ ውጪኛው ጆይንት (ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ወዳለው መገጣጠሚያ) ቀስሩ። ጉድጓድ ላይ ብቻ ኳ የሚል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከስታቢላይዘር (መኪናው በጣም እንዳያጋድል ከሚይዘው ዘንግ)፣ ከጎሚኒ (በብረቶቹ መካከል ካለው ላስቲክ) ወይም ከቦል ጆይንት (መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው እንዲዞር ከሚያስችለው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ነው።

ስትመለሱ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ አድርጉ። አትንኩ፣ ጠጋ ብቻ። አንዱ ከሌላው በጣም የሚሞቅ ከሆነ ወይ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም ወይ ኩሽኔታው እየተቃጠለ ነው።

አንስቶ መነቅነቅ

ከማንሳታችሁ በፊት የጎማ ብሎኖቹ መጥበቃቸውን አረጋግጡ። ቀልድ አይደለም። በቅርቡ ጎማ የተፈታ መኪና ላይ ኳ ኳ የሚለው ድምፅ የላላ ብሎን ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ደልዳላ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፉ፣ በክሪክ አንሱና ከስር ጠንካራ የብረት መደገፊያ አስገቡ። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አልተሠራም።

አንድ እጅ ከጎማው አናት፣ አንዱን ከግርጌው አድርጋችሁ ገፋ ሳብ አድርጉት። ከተነቃነቀ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ደግማችሁ ሞክሩ። ፍሬን ሲረገጥ ንቅነቃው ከጠፋ ችግሩ ኩሽኔታው ነው። ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ ቦል ጆይንቱን ወይም ጎሚኒዎቹን እዩ። ይህች ፍተሻ ስንት ያለአግባብ የተገዛ ዕቃ እንደምታስቀር! ቀጥላችሁ እጃችሁን በጎማው ግራና ቀኝ አድርጉ። በዚህ በኩል ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ መጀመሪያ ቴስቲኒውን (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን የዘንግ ጫፍ) ጠርጥሩ።

አሁን የምወደው ላይ ደረስን። ማርሹ ዜሮ ይሁን። አንድ እጃችሁን ከጎማው በላይ ያለው ሞላ ላይ ቀለል አድርጋችሁ አሳርፉና በሌላው ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። ጤነኛ ኩሽኔታ ከሆነ ሞላው ዝም ይላል። የተበላሸ ከሆነ ጆሯችሁ ምንም ሳይሰማ መዳፋችሁ ላይ አሸዋ እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንዘረዘራል። ሌላውንም ጎማ አንስታችሁ በዚሁ መንገድ አወዳድሩ፤ ልዩነቱ ያኔ ይገባችኋል።

የጎማውን ጥርስም በመዳፋችሁ ዳብሱት። በመጀመሪያ ግን የወጣ ሽቦ አለመኖሩን በዓይናችሁ እዩ። በአንድ አቅጣጫ ልስልስ፣ ሲመለስ እንደ መጋዝ የሚይዝ ከሆነ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቀማመጥ ልክ) ተበላሽቷል። ጉብ ስርጉድ ካለ ሾክ አብዞርበሩን ወይም የጎማ ሚዛኑን አስፈትሹ። ጎማ ብቻ ቀይራችሁ ብትሄዱ አዲሱም ይበላል። በጥርሱ መሃል የተሰካ ጠጠርም አትርሱ። ቲክ ቲክ እያለ ሰው ያሳብዳል።

ጎማውን ፈትቶ ማየት

ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ ቀይሩት። ከዲስኩ ጀርባ ያለችው ቀጭን የቆርቆሮ መከለያ ተጣማ ዲስኩን እየነካች ሊሆን ይችላል፤ በእጅ መለስ ማድረግ ይበቃል። የጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ከተቀደደና ግራሶው ቸርኬው ውስጥ ከተረጨ ቀጭ ቀጭ የሚለውን አግኝታችሁታል። በአሮጌ መኪና የፍሬን አቧራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በአየር አታራግፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

አንዳንድ የቆዩ መኪናዎች፣ በተለይ በኋላ ጎማ የሚነዱት፣ በዳዶ የሚስተካከል ሾጣጣ ኩሽኔታ አላቸው። ትንሽ ስለላላ ብቻ ሞቷል ማለት አይደለም። ታጥቦ፣ ውስጡ ያሉት የሚሽከረከሩ ብረቶች ካልተላጡና ካልጠቆሩ በአዲስ ግራሶ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። አደጋው ማጥበቅ ላይ ነው። «ጠበቅ ይበል» ብሎ መታገል ኩሽኔታውን ያቃጥለዋል፤ ልኩን ከመኪናው መመሪያ ያዙ።

ጎማው በእጅ የሚነቃነቅ ወይም ፍሬኑ ብረት ከብረት የሚፋጭ ከሆነ መኪናውን አትንዱት፤ መካኒኩ ወደ እናንተ ይምጣ። ሌላውን ይዛችሁ ስትሄዱ «ጎማዬ ይጮሃል» አትበሉት። «ከ60 በላይ ያጉረመርማል፣ ወደ ግራ ሳጥፍ ይብሳል፣ ፍሬን ስነካ አይቀየርም፣ የቀኙን ሞላ ስይዝ ይንዘረዘራል» ስትሉት የትኛውን ጎማ ቀድሞ እንደሚፈታ ያውቃል።