በራግቢ ጉዞ ላይ ሰው ሲጎዳ፦ የቡድን አመራረጥና የምትክ አጠራር

የብሪታኒያና አየርላንድ ላየንስ (ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ ተመርጦ ለጉዞ የሚሰባሰብ የራግቢ ቡድን) እ.ኤ.አ. በ2017 ኒውዚላንድ ሲሄድ 41፣ በ2025 አውስትራሊያ ሲሄድ 38 ተጫዋቾች መርጦ ነበር። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ ቆጠራውን ከፊት ረድፍ፣ ማለትም በስክረም (ሁለቱ ቡድኖች ተያይዘው ለኳስ ሲጋፉ) ከፊት ከሚቆሙት ጀምሩ፦ 3 የግራ ፕሮፕ፣ 3 ሁከር (መሃል የሚቆመው)፣ 3 የቀኝ ፕሮፕ። ለአንድ ጨዋታ ከሚመዘገቡት 23 ሰዎች 6ቱ የፊት ረድፍ መጫወት የሚችሉ መሆን አለባቸው። ስለዚህ 2 ሁከር ብቻ የያዘ ቡድን አንዱ ቁርጭምጭሚቱ በዞረ ማግስት ይጨነቃል። በጨዋታ መሃል የፊት ረድፍ ሰው አልቆ ስክረሙ ያለ ግፊያ ከሆነ፣ ለዚህ ምክንያት የሆነው ተጫዋች አይተካም፤ በ15 ፋንታ በ14 መጨረስ ነው። ስክረም-ሃፍም (ኳሱን ከስክረም የሚያወጣው) 3 ይሁን። ከኋላ መቆጠብ ይቻላል፤ ክንፍም (በሜዳው ዳር የሚሮጠው) ፉልባክም (ከሁሉም ኋላ የሚቆመው) የሚችል አንድ ሰው ሁለት ቦታ ይሸፍናል።

ከመነሳታችሁ በፊት ለየቦታው ተጠባባቂ መዝግቡ፤ ፓስፖርቱና ቪዛው የተዘጋጀ፣ ልምምድ ያላቆመ። ሊጉ አልቆ ለእረፍት የሄደ ሰው ስሙ ቢገዝፍም አይጠቅምም። ቅዳሜ ለተጎዳ እሁድ ኤምአርአይ ይነሣ፤ ሐኪሙም «እናያለን» ሳይሆን የቀን ግምት ይስጥ። ማገገሚያው ከቀረው ጉዞ ከበለጠ ምትኩን በዚያው ቀን ጥሩ። ግን አትቸኩሉ፦ በ2021 አምበሉ አለን ዊን ጆንስ ትከሻው ወልቆ ከቡድኑ ቢወጣም ከ3 ሳምንት በኋላ ተጫውቷል።

በቅርበት ብቻ መጥራት ያስነቅፋል። በ2017 አቅራቢያ ከነበሩት የዌልስና የስኮትላንድ ቡድኖች 6 ሰዎች ሲጠሩ ብዙዎች አጉረምርመዋል። አዲስ የመጣ ሁከር ደግሞ የላይንአውት (ከሜዳው ዳር ኳስ ወደ ውስጥ ሲወረወር) ምልክቶቹን ሳያጠና ከተሰለፈ ውርወራው ለተጋጣሚ ሲሳይ ነው፤ ዝርዝሩን አውሮፕላን ሳይሳፈር ላኩለት።