ለአነስተኛ ንግድ የድረ ገጽና የጎግል ፍለጋ ባለሙያ አመራረጥ

ባለሙያ ከመፈለግዎ በፊት ንግድዎ ድረ ገጽ ያስፈልገው እንደሆነ ይወስኑ። ደንበኞቹ የሰፈሩ ሰዎች የሆኑ የባልትና መደብር ወይም ልብስ ሰፊ፣ ሱቁን በጎግል ማፕ ላይ በትክክለኛ ስሙ፣ በስልኩና በሥራ ሰዓቱ ቢያስመዘግብና የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ የዕቃዎቹን ፎቶና ዋጋ ቢያወጣ፣ ከድረ ገጽ ይልቅ በዚህ ይበልጥ ይጠቀማል፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ይህንን ሳይነግርዎ በቀጥታ ወደ ዋጋ የሚገባ ባለሙያ የእርስዎን ጥቅም አስቀድሞ አላየም። ድረ ገጽ በእርግጥ የሚያስፈልገው ደንበኛው ከሩቅ ለሚመጣበትና ከመክፈሉ በፊት መተማመኛ ለሚሻበት ንግድ ነው፤ አስጎብኚ ድርጅት፣ ክሊኒክ፣ ቡና ላኪ፣ የእንግዳ ማረፊያ የመሳሰሉት ማለት ነው። እዚህ የምጽፈው በአዲስ አበባ ጥቂት ክፍሎች ያሉትን የእንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድር ሰው በማሰብ ነው። የዚህ ሰው እንግዳ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ፣ ለዘመድ ሠርግ ወይም ለጥምቀት ሲመጣ የሚያርፍበትን ቤት በስልኩ የሚፈልግ ነው።

ብዙ ሰው ባለሙያን የሚመርጠው ያሳየውን ንድፍ ማማር አይቶ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም፣ በማን ስም እንደሚመዘገብ ነው እላለሁ። በአገራችን ለዶሜይንና ለሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹ ለሚቀመጥበት የኢንተርኔት ቦታ ኪራይ፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ነጋዴ ጥቂት በመሆኑ፣ ባለሙያው በራሱ ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመዱ ካርድ ይከፍላል፤ ምዝገባውም በዚያው በእርሱ ኢሜይል ይሆናል። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ባለሙያው ሥራ ቢቀይር፣ ከአገር ቢወጣ ወይም በዋጋ ብትጣሉ፣ በንግድ ካርድዎና በደጃፍዎ ሰሌዳ ላይ የታተመው ስም በሌላ ሰው እጅ ይቀራል። ዶት ኮምን የመሰለ ስም ሳይታደስ የዕድሳት ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ፣ ለ30 ቀን ያህል ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎ ሊመለስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለማንም ሰው ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ካርዱ የማንም ይሁን የማን፣ አካውንቱ የሚከፈተው በእርስዎ ኢሜይልና በእርስዎ ስልክ ቁጥር መሆኑን በውሉ ያስጽፉ፤ የሚታደስበትንም ቀን በራስዎ ማስታወሻ ይመዝግቡ። በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረውን የአገራችንን የዶሜይን መጨረሻ፣ ዶት ኢቲን (.et) መምረጥም አንድ መንገድ ነው፤ የአገር ውስጥ ንግድ መሆንዎን በግልጽ ያሳያል።

ከዚሁ ጋር ዋጋው በብር ይሁን በዶላር የሚታሰበው ይጠይቁ። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ ዛሬ በብር የተነገረዎት የሆስቲንግ ዋጋ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሳት ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ባለሙያ የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋና የየዓመቱን ዕድሳት ለይቶ ያሳያል፤ የዶላሩ ልዩነት በማን ላይ እንደሚወድቅም ሳይጠየቅ ይናገራል።

ቀጥሎ የቀድሞ ሥራዎቹን ይመልከቱ፤ የሚመለከቱት ግን በእርሱ ላፕቶፕና በቢሮው ዋይፋይ ሳይሆን በራስዎ ስልክና በሞባይል ዳታ ይሁን። ጎግል ድረ ገጾችን የሚመዝነው በሞባይል ላይ በሚታየው መልካቸው ነው፤ የእርስዎም እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በዚያው ነው። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በሚባለው የጎግል ነፃ መመርመሪያ ውስጥ የሠራውን ድረ ገጽ አድራሻ ቢያስገቡ፣ የገጹ ዋና ይዘት በስንት ሰከንድ እንደሚታይ ይነግርዎታል፤ ጎግል ጥሩ የሚለው እስከ 2.5 ሰከንድ ያለውን ነው። የሠራላቸውን ሰዎችም ደውለው ይጠይቁ፤ ሥራው አምሮ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ከርክክቡ በኋላ ስልክ ያነሳ እንደሆነና የክፍል ዋጋ ለመቀየር ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ይጠይቁ።

ድረ ገጽዎ አማርኛ የሚኖረው ከሆነ፣ ባለሙያው አማርኛን እንዴት እንደሚያስገባ ማወቅ አለብዎት። የፊደላችን ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ፊደሉን እንደ ጽሑፍ የሚያውቁበት የጋራ ኮድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ስላለ፣ ዛሬ አማርኛን በምስል ውስጥ ጽፎ ማስቀመጥ ምንም ምክንያት የለውም። ሆኖም ዋጋውን፣ አድራሻውንና ማስታወቂያውን በፎቶሾፕ ሠርቶ እንደ ሥዕል የሚለጥፍ ባለሙያ አሁንም አለ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ደንበኛው ገልብጦ ለዘመዱ ሊልከው አይችልም፤ የፍለጋ ፕሮግራሙም እንደ ጽሑፍ ለማንበብ ይቸገራል። ሲመለከቱ በጣትዎ ቃሉን ተጭነው ይያዙ፤ ካልተመረጠ ምስል ሊሆን ይችላል። የፊደል አጻጻፍም ጉዳይ ነው፤ አንዱ «የሠርግ አዳራሽ»፣ ሌላው «የሰርግ አዳራሽ» ብሎ ይፈልጋል፤ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍም ብዙ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ በእንግሊዝኛ ይፈልጋል። ባለሙያው ሰዎች በየትኛው አጻጻፍ እንደሚፈልጉ እንዴት እንደሚያጣራ ይጠይቁት። በጎግል የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የሚመጡትን ጥቆማዎች አይቶ፣ ከዚያም ከእውነተኛ የፍለጋ መረጃ አረጋግጦ እንደሚሠራ ከነገረዎት ሥራውን ያውቃል። ሁሉንም አጻጻፍ በገጹ ግርጌ እደረድረዋለሁ ካለዎት ግን ይተዉት።

ወደ ፍለጋው ሥራ ስንገባ ትልቁ ፈተና ተስፋው ነው። «በአንድ ወር ውስጥ በጎግል አንደኛ አደርግዎታለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ውይይቱን እዚያው ማቆም ይችላሉ፤ አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጎግል ራሱ ለንግድ ባለቤቶች ባወጣው ምክር ላይ ጽፏል። በዚያው ምክር መሠረት ማሻሻያዎቹ ተሠርተው ጥቅማቸው እስኪታይ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። ጎግል በማስታወቂያነት ተለይቶ ለሚታየው ቦታ ገንዘብ ይቀበላል፤ ለመደበኛው የፍለጋ ውጤት ግን አይቀበልም። እነዚህን ሁለቱን አቀላቅሎ የሚያስረዳ ሰው፣ ለማስታወቂያ የከፈሉት ብር ሲያልቅ የሚጠፋውን ቦታ እንደ ዘላቂ ውጤት አድርጎ ሊያሳይዎ ይችላል።

ባለሙያው የሚያውቀው የዛሬውን አሠራር ይሁን የድሮውን ለመለየት፣ በገጹ ኮድ ውስጥ ስለሚገባው የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ይጠይቁት። ጎግል ይህንን ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አሳውቋል፤ ስለዚህ ዋና ሥራዬ እርሱ ነው የሚል ሰው ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እርስዎ የሚመሩ ሊንኮችን በጅምላ እገዛልዎታለሁ የሚለው ደግሞ የከፋ ነው፤ ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ይህንን ዓይነቱን ድርጊት የሚያከሽፍ ሥርዓት ዘርግቷል፤ ጉዳቱ የሚደርሰውም በእርስዎ ስም ላይ ነው። በጎግል ማፕ ላይ የሐሰት አስተያየቶችን ማስጻፍም የተከለከለ ነው፤ ከዚህም በላይ፣ ያልነበረበትን ምቾት አንብቦ በመጣ እንግዳ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። እውነተኛው ሥራ አድካሚና ቀስ ያለ ነው። እንግዳው ሊጠይቅ የሚችለውን በሙሉ፣ ማለትም ከኤርፖርት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር እንዳለ፣ ውኃ እንደማይቋረጥ፣ ክፍያ በቴሌብር ይቻል እንደሆነ በግልጽ መጻፍ ነው። ባለሙያው በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ቀለምና ስለ ሎጎ ብቻ ጠይቆዎት ስለ እንግዶችዎ ምንም ካልጠየቀ፣ ይህንን ጽሑፍ ከየትም ሊያመጣው አይችልም።

ሥራው ውጤት ማምጣቱን የሚያዩት በሰርች ኮንሶል ነው። ይህ የጎግል ነፃ አገልግሎት ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ገጽዎን እንዳዩትና እንደከፈቱት ያሳያል፤ የ16 ወር መረጃም ይይዛል። ባለቤት ሆነው የሚመዘገቡት እርስዎ ይሁኑ፤ ባለሙያው በተጠቃሚነት ይግባ፤ በጎግል ማፕ ላይ ላለው የንግድ ገጽዎም እንዲሁ ያድርጉ። ወርሃዊ ሪፖርት ሲቀርብልዎ የጎብኚ ቁጥር ማደጉን ብቻ አይቀበሉ፤ የንግዱን ስም ሳያውቁ «የእንግዳ ማረፊያ ቦሌ» ብለው ፈልገው የመጡት ስንት እንደሆኑ ይጠይቁ። ከዚህ ጎን ለጎን ቤቱን በምን እንዳገኙት የሚደውሉትን እንግዶች ሁሉ ይጠይቁና መልሱን በመዝገብ ይያዙ።

ውሉ አጭር ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን። ክፍያውን ከፋፍለው በቅድሚያ፣ ንድፉ ሲጸድቅና ርክክብ ሲፈጸም ይስጡ፤ የመጨረሻው ክፍል ሁሉም የይለፍ ቃል በእጅዎ እስኪገባ ይቆይ። ንድፉ፣ ጽሑፉና ፎቶዎቹ የእርስዎ ንብረት እንደሚሆኑ፣ ባክአፕ (የድረ ገጹ መጠባበቂያ ቅጂ) በየስንት ጊዜው እንደሚወሰድና የት እንደሚቀመጥ ይካተት። ድረ ገጹ የእንግዶችን ስም፣ ስልክ ወይም የፓስፖርት ቁጥር የሚቀበል ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከትዎታል፤ መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ባለሙያው በጽሑፍ ያስረዳ።

በርክክቡ ቀን ከባለሙያው ጎን ተቀምጠው በራስዎ ስልክ ወደ ዶሜይኑ፣ ወደ ሆስቲንጉና ወደ ድረ ገጹ ማስተዳደሪያ ይግቡ፤ የይለፍ ቃሎቹን እዚያው ይቀይሩ፤ ከዚያም የአንድ ክፍል ዋጋ በራስዎ እጅ ለውጠው በገጹ ላይ መታየቱን ካረጋገጡ በኋላ ቀሪውን ይክፈሉ።