ፓኬጅ ከማጥፋታችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ
ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚባሉትን የሊኑክስ ሲስተሞች ለምትጠቀሙ፦ ተርሚናል ላይ በአፕት (ፕሮግራም በሚጭነውና በሚያጠፋው ትዕዛዝ) ፓኬጅ፣ ማለትም ፕሮግራም ወይም የፕሮግራም ክፍል፣ ልታጠፉ ስትሉ፣ ትዕዛዙ ላይ ሰረዝና ትንሿን የእንግሊዝኛ ኤስ ጨምሩ። ምንም ሳይነካ፣ ምን ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ብቻ ይዘረዝርላችኋል። ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) እንኳ አይጠይቅም።

እኔ አንዴ አንዲት የማልፈልጋት ፕሮግራም ላጥፋ ብዬ፣ ዝርዝሩን ሳላነብ «አዎ» ለማለት የእንግሊዝኛዋን ዋይ ጽፌ ኢንተር መታሁ። ዴስክቶፑን ጠራርጎ ይዞት ሄደ! ለካ እሷን የሚፈልጉ ፓኬጆችም አብረው ይነሳሉ።

አውቶሪሙቭ (ትርፍ የሆኑ ፓኬጆችን የሚያጠፋው የአፕት ትዕዛዝ) ላይም እንዲሁ አድርጉ። የምትፈልጉት ፓኬጅ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ፣ አፕት-ማርክ ማኑዋል ብላችሁ ስሙን አስከትሉ፤ ከዚያ እንደ ትርፍ አይቆጥረውም።

ነገሩ ካመለጣችሁ ደግሞ ቫር፣ ከዚያ ሎግ፣ ከዚያ አፕት ፎልደር ግቡ። ሂስትሪ የሚለው ፋይል የጠፋውን በሙሉ ከነሰዓቱ መዝግቦታል።