በጅማ የክረምት ዕረፍትን በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ለማሳለፍ

በክረምት ዕረፍት በኬሚስትሪ ምርምር ላብራቶሪ ልምምድ ለማድረግ የምታስቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥያቄያችሁን በግንቦት ማቅረብ ይኖርባችኋል፤ ሐምሌ ከገባ በኋላ ተመራማሪዎች ወይ ወደ መስክ ይወጣሉ፣ ወይ በክረምት ትምህርት ይጠመዳሉ። ፍለጋችሁንም በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ብቻ አትወስኑ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ስለሆነ የኬሚስትሪ ሥራ አፈር፣ ምግብና መድኃኒት በሚመረመርባቸው ክፍሎችም ይገኛል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም በቡና ምርምር የታወቀ ነው።

ከትምህርት ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ፣ ከወላጅ ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። «ኬሚስትሪ እወዳለሁ» የሚል ማመልከቻ ለተቀባዩ የሚነግረው ነገር የለም፤ «ቡና ሲቆላ የካፌይኑ መጠን ይለወጣል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄና በሳምንት ስንት ቀን መምጣት እንደምትችሉ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይበቃል። ከገባችሁም በኋላ የላብራቶሪ ቴክኒሽያኑን ጋሼ ወይም እትዬ ብላችሁ በአክብሮት ቅረቡ፤ የትኛው ሚዛን እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ጠርሙስ ሳይጠየቅ እንደማይነካ ከማንም በላይ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

የጅማ ክረምት ዝናብ የማያባራ በመሆኑ ብዙ ተማሪ በነጠላ ጫማ ይመጣል፤ በዚያ ጫማ ግን ቤተ ሙከራ አይገባም። ሽፍን ጫማ በቦርሳ ይዛችሁ በር ላይ ቀይሩ፤ ጋውን፣ መከላከያ መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ ረጅም ፀጉር ይታሰር። አሲድ ሲቀጠን ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ለምሳሌ ከ37 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 100 ሚሊ ሊትር አንድ ሞላር ሶሉሽን ለማዘጋጀት አስቀድሞ የ100 ሚሊ ሊትር ምልክት ያለው መለኪያ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ውኃ ይሞላል፣ 8.3 ሚሊ ሊትር አሲድ በዝግታ ይጨመራል፣ ከዚያም እስከ ምልክቱ ድረስ በውኃ ይሞላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራችሁ ዕቃ ማጠብ ቢሆን ቅር አይበላችሁ። አቦል የተጠጣበት ሲኒ ሳይለቀለቅ ቶና እንደማይቀዳበት ሁሉ፣ በቢከር ግድግዳ ላይ የቀረ የትናንት ሶሉሽንም የዛሬውን ውጤት ያበላሻል። በሳሙናና በቧንቧ ውኃ ከታጠበ በኋላ በዲስቲልድ ውኃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ።

ለጀማሪ ተስማሚ ከሆኑት ሙከራዎች አንዱ ካፌይንን ከቡና ማውጣት ነው፤ አማካሪያችሁ አጠገባችሁ ሳይሆኑ ግን አይጀመርም። የቡናው ዱቄት ከሶዲየም ካርቦኔት ጋር በውኃ ይፈላል፤ ካርቦኔቱ ታኒን የተባለውን የቡናውን ሌላ ንጥረ ነገር ወደ ጨውነት ስለሚለውጠው ታኒኑ በውኃው ውስጥ ይቀራል፣ ካፌይኑ ደግሞ ፈሳሹ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደሚጨመረው አሟሚ፣ ዳይክሎሮሜቴን፣ ይሻገራል። ዳይክሎሮሜቴን ከውኃ ስለሚከብድ ከታች ይረጋል። በ40 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ በመሆኑም ሁለቱን ፈሳሾች የሚለየው ባለ ቧንቧ ዕቃ ሲናጥ በውስጡ ግፊት ይጠራቀማል፤ ስለዚህ አፉ ከሰው ፊት ዞሮ፣ ጭስ በሚስበው ሁድ ውስጥ፣ ቧንቧው በየጥቂቱ እየተከፈተ ይተንፍስ። አረቢካ ቡና 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን ስላለው ከ10 ግራም የሚጠበቀው 120 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። 70 ብታገኙ ጥሩ ጅምር ነው፤ 180 ብታገኙ ግን ደስ አይበላችሁ፣ አሟሚው አልተነነም ወይም ባዕድ ነገር አለበት ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ አደራ የምለው የማስታወሻ ደብተሩን ነው። ደብተሩ የተጠረዘ ይሁን፤ በእስክሪብቶ ይጻፍበት፤ ስሕተት በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። መሣሪያዎቹ የሚያትሙት የፈረንጅ ቀን ስለሆነ ሁለቱንም ዘመን አቆጣጠር መዝግቡ። ሚዛኑ 0.5021 ግራም ካለ 0.5 ብላችሁ አታሳጥሩት። አንድ ክረምት አብራኝ የሠራች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ውኃ ስታፈላ ቴርሞሜትሩ 94 ዲግሪ ላይ ቆመባት፤ የተበላሸ መስሏት 100 ብላ ጻፈች። ቴርሞሜትሩ ግን ልክ ነበር፤ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተጻፈው 94 ቢሆን ኖሮ «ለምን?» ብላ ትጠይቅ ነበር፤ 100 ብላ በመጻፏ ግን መጠየቂያው ራሱ ከእጇ ወጣ። ያያችሁትን ጻፉ፤ ምክንያቱን ከሥሩ ለይታችሁ አስፍሩ።

በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ገጽ ሪፖርት አዘጋጅታችሁ ለአማካሪያችሁ ስጡ፤ ያልሠራላችሁን ሙከራም አካቱበት። ዋናው ደብተር የላብራቶሪው ስለሆነ ለራሳችሁ ቅጂ ለመያዝ አስፈቅዱ። ያዘጋጃችሁት ሶሉሽን ካለም በጠርሙሱ ላይ ስሙን፣ መጠኑን፣ ቀኑንና የእናንተን ስም ለጥፉ፤ የማይፈለገውን በምን ዕቃ ውስጥ እንደሚወገድ ቴክኒሽያኑን ሳትጠይቁ ወደ መታጠቢያው አትድፉ።