ሊኑክሳችሁ አፕዴት እምቢ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚጠቀም ሰው «አፕዴቱ እምቢ አለኝ» ብሎ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቡት ፓርቲሽኑ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነባቸው ፋይሎች ያሉበት የዲስክ ክፍል) ስንት በመቶ እንደሞላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ 100 ነው። ትንንሾቹን ችግሮች ቶሎ ቶሎ ላንሳና ወደዚያ እገባለሁ። ኢንተርኔቱንና ዋናውን ዲስክ አይታችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

«ሎኩ ተይዟል» ካለ

ከበስተጀርባ ሌላ አፕዴት እየሠራ ነው። ብዙ ጊዜ ሲስተሙ ራሱ በየቀኑ የሚያስነሳው ነው። ጠብቁት። የሎክ ፋይሉን አታጥፉ! ሁለት ፕሮግራሞች የፓኬጅ (የሚጫን ፕሮግራም ጥቅል) መዝገቡን እኩል ሲጽፉበት ይመሰቃቀላል፤ እሱን ማቃናት አንዴ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

«ሪሊዝ ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም» ካለ

ሰዓታችሁ ወደኋላ ቀርቷል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ቀይሩ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ።

«404» ካለ

መጀመሪያ የፓኬጅ ዝርዝሩን አድሱ። ካልተስተካከለ ቨርዥናችሁ ዕድሜው አልፎ ሊሆን ይችላል። ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው) ያልሆነ ኡቡንቱ ድጋፉ 9 ወር ብቻ ነው፤ ኤልቲኤሱ 5 ዓመት። አድራሻውን ወደ አሮጌዎቹ ማከማቻ ቀይሮ ስህተቱን ዝም ማሰኘት ይቻላል። ግን እዚያ አዲስ የደህንነት ማስተካከያ አይመጣም። ወደሚደገፍ ቨርዥን ተሻገሩ።

«ቁልፉ አልተገኘም» ካለ

ከውጭ የጨመራችሁት ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) ነው፤ ፊርማውን የሚያረጋግጠው ቁልፍ የላችሁም። ቁልፉን ከባለቤቱ ገጽ አምጡ፣ ወይም ሪፖዚተሪውን አውጡት። «ትረስትድ» የሚለውን «የስ» አድርጉ የሚል ምክር ካገኛችሁ አትስሙ። ያ ማለት ማንም የፈረመውን፣ ማንም ያልፈረመውንም ጫንልኝ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው።

«ኖ ስፔስ ሌፍት» ካለ

አፕዴቱ ይወርዳል፣ መጫን ይጀምራል፣ ከዚያ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ቃል ያለበት ረጅም ስህተት ይተፋል። ከዚያ ወዲህ ምንም ልትጭኑ ብትሞክሩ ያው ስህተት ይመለሳል። ዲስኩ ላይ 300 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ሰው «ምን ዓይነት ቦታ ነው የጠፋው?» ብሎ ይናደዳል።

የጠፋው የቡት ቦታ ነው። ዲስኩ ኢንክሪፕት ሲደረግ (ሲመሰጠር) ኢንስቶለሩ ለቡት ለብቻው ትንሽ ፓርቲሽን ይቆርሳል። የቆዩት ላይ 500 ሜጋባይት ገደማ ነው። አዲስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) በመጣ ቁጥር እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ከርነሉ ራሱ ትንሽ ነው። አብሮት የሚፈጠረው ኢኒት-አርዲ የሚባለው ፋይል (ያ ስህተቱ ላይ ያለው «ኢኒትራምኤፍኤስ»፣ ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነው) ግን ዛሬ ዛሬ 100 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። አራት ከርነል ከተጠራቀመ፣ አምስተኛው ማረፊያ የለውም።

ክፋቱ ከርነሉ ብቻ መቅረቱ አይደለም። አንድ ፓኬጅ ግማሽ ተጭኖ ሲቀር ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ይቆማል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያየሁት ሰርቨር እንደዚህ ነበር። አውቶማቲክ አፕዴት በርቷል፣ ሁሉም ሰው አምኖት ተቀምጧል። «ደርቲ ፓይፕ» የተባለው የከርነል ቀዳዳ በመጋቢት 2022 እንደ ፈረንጆቹ ይፋ ሲሆን እንዳይ ጠሩኝ። ቀዳዳው ከ5.8 ጀምሮ ማስተካከያው እስኪመጣ ያሉትን ከርነሎች ይነካል፤ ተራ ተጠቃሚ የነበረ ሰው ሩት (ሁሉን አዛዥ) እንዲሆን ያስችላል። ሰርቨሩ 5.11 ላይ ነበር። ሎጉን ስከፍተው አምስት ወር ሙሉ፣ በየሌሊቱ፣ ያው «ኖ ስፔስ ሌፍት» ተጽፏል። ከርነሉም፣ ኦፕን ኤስኤስኤሉም (የኢንክሪፕሽን ላይብረሪው)፣ ዌብ ሰርቨሩም ባሉበት ቆመዋል። ሎጉን የከፈተ አንድም ሰው አልነበረም። በጣም አዘንኩ፤ አንዴ ገልጦ ማየት እኮ አንድ ደቂቃ ነው።

መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው። አትዝለሉት።

መጀመሪያ «ዩኔም ሰረዝ አር» በሉ። አሁን እየሠራ ያለውን ከርነል ቁጥር ይነግራችኋል። ወረቀት ላይ ጻፉት። ይህን ቁጥር የያዘ ምንም ነገር አይነካም።

ቀጥሎ «አፕት አውቶሪሙቭ» (የማያስፈልገውን አውጣ) ከ«ፐርጅ» (ከነኮንፊጉ) ጋር። ከታዘዘላችሁ ጨርሳችኋል። እየሠራ የድሮዎቹን ከተወ፣ ከርነሎቹ በእጅ እንደተጫኑ ተመዝግበዋል ማለት ነው። «አፕት-ማርክ አውቶ» ብላችሁ ምዝገባውን ቀይሩና ድገሙት።

አፕት እሱንም እምቢ ካለ ወደ ዲፒኬጂ (ከአፕት ሥር ወዳለው ጫኝ) ውረዱ። እጅግ የድሮውን ከርነል በሙሉ ስሙ ፐርጅ አድርጉት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሰናከላል። «ኢሜጅ» የሚለውን ብቻ ሲያወጣ ሌላ ፓኬጅ ይፈልገዋል ተብሎ ይከለከላል። ያው ቁጥር ያለውን «ሞጁልስ-ኤክስትራ» አብራችሁ በአንድ ትዕዛዝ አውጡት፣ ይሄዳል።

እሱም ካልሆነ፣ የድሮውን ከርነል ኢኒት-አርዲ ወደ ሆም ፎልደራችሁ አዛውሩት። አዛውሩት አልኩ፣ አጥፉት አላልኩም። ያቺ በተለቀቀች ቦታ «ዲፒኬጂ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» ሥራውን ይጨርሳል። ከዚያ አውቶሪሙቩን መልሳችሁ ሞክሩ፣ በመጨረሻም «አፕዴት-ግራብ» (ሲነሳ ከርነሉን የሚጠራውን ግራብን የሚያድሰው)።

ቡት ውስጥ ገብታችሁ በ«አርኤም» አትጥረጉ! ፓኬጁ አሁንም መዝገብ ላይ አለ፣ ፋይሉ ግን የለም። አንድ ልጅ ቦታ ላስለቅቅ ብሎ የሚሠራበትን ከርነል ጨምሮ ጠረገው። ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ ያለምንም ችግር ሠራ፤ ከርነሉ ሜሞሪ ላይ ነዋ። ማታ አጠፋው። ጠዋት የቀረበለት የግራብ ጥቁር ስክሪን ነው። በፍላሽ ቡት አድርገን፣ ኢንክሪፕት የተደረገውን ዲስክ ከፍተን፣ ከውስጥ ከርነል እስክንጭን ሰዓታት ፈጀ።

አፕዴት መሀል ላይ ሶኬት የምትነቅሉም እባካችሁ ተዉ። ከሆነ በኋላ ግን ያው «ዲፒኬጂ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ» ነው መድኃኒቱ።

እንዳይመለስ ከፈለጋችሁ የአውቶማቲክ አፕዴቱን ኮንፊግ ክፈቱ፣ ቁጥሩ 50 የሚጀምረውን። ያልተፈለጉ ከርነሎችን አስወግድ የሚል መስመር አለ። «ፎልስ» ተደርጎ ከሆነ ወደ «ትሩ» መልሱት። አዲስ ስትጭኑ ደግሞ ለቡት 2 ጊጋባይት ስጡት። ኢኒት-አርዲውን ማሳነስም ይቻላል፦ የኢኒትራምኤፍኤስ ኮንፊግ ላይ «ሞጁልስ» የሚለውን ከ«ሞስት» ወደ «ዴፕ» መቀየር ነው። ዲስኩን ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ልትሰኩ ካሰባችሁ ግን አታድርጉት፣ ላይነሳ ይችላል።

ሁሉም ተጭኖ አሮጌው ከቀጠለ

ሪስታርት አልተደረገም። አዲሱ ከርነል ዲስክ ላይ ተቀምጧል፣ የሚሠራው አሮጌው ነው። ላይብረሪም እንዲሁ ነው። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ጊዜ ኦፕን ኤስኤስኤልን አፕዴት አድርገው ሰርቪሱን ሪስታርት ያላደረጉ ሰርቨሮች ቀዳዳው እንዳለ ነበር። «ቫር» ስር «ረን» ውስጥ «ሪቡት-ሪኳየርድ» የሚባል ፋይል ካያችሁ ሪስታርት አድርጉ። ስትመለሱ «ዩኔም ሰረዝ አር» በሉና ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት።