ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ሲያማርር፦ ከምዝገባ በፊት ወሬውን እንዴት ታጣራላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ለማስመዝገብ ስለ አንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰው ጠይቃችሁ ከሆነ ምን እንደሚገጥማችሁ አውቃለሁ። አንዷ እናት "ዓይንሽን ጨፍነሽ አስገቢው፣ ልጄን ሰው ያደረጉልኝ እነሱ ናቸው" ትላለች። አጥር ለአጥር የምትጎራበታት ሌላዋ ደግሞ "እኔ ከሁለተኛ ክፍል ነው ያስወጣሁት፤ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምሮ ነበር" ትላለች። ትምህርት ቤቱ አንድ ነው። የሚመሩት ሲስተርም (መነኩሲቷ) አንድ ናቸው። ምዝገባው ደግሞ አይጠብቅም፤ ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው።

ሁለቱም እናቶች አልዋሹም። ብዙ ጊዜ ምስጋናውና ቅሬታው የሚመጡት ከአንድ ነገር ነው። አንዱ ወላጅ ያንን ነገር ይወደዋል፣ ሌላው አይችለውም። ስለዚህ ማን ልክ ነው ብላችሁ አትድከሙ። ነገሩ ምን እንደሆነ አውጡትና ለእኔ ልጅ ይሆናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ከጥያቄያችሁ ጀምሩ። "ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው "አሪፍ ነው" ወይም "ይቅርብሽ" ከሚል መልስ ሌላ አያገኝም። የሆነ ነገር ጠይቁ። ልጅሽ አርፍዶ ያውቃል? ያን ቀን ምን አደረጉ? የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲሄድስ? ከልጅ ጋር ሲጣላ ማን ደወለልሽ፣ በዚያው ቀን ነው ወይስ ሳምንት ቆይቶ? ለመጨረሻ ጊዜ ቅሬታ ይዘሽ ስትሄጂ ማን አነጋገረሽ?

ለምሳሌ በሩ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል እንበል። አንድ አባት ታክሲ ጠፍቶበት ልጁን ይዞ 2 ከ10 ላይ ደረሰ። ዘበኛው አልከፈተም። ትንሽ ቆይተው ሲስተሯ ወጡ፣ አባትየውን ኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ አስፈረሙት፣ ልጁን አስገቡት፤ ልጁ ግን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ላይብረሪ ተቀምጦ አሳለፈ። ይህንኑ ታሪክ አንዱ ወላጅ "ሰዓት ማክበር ያስተምራሉ" ብሎ ይነግራችኋል። ሌላው "የሰባት ዓመት ልጅ በታክሲ ጥፋት ይቀጣሉ" ይላችኋል። እናንተ ግን አሁን የሆነውን አወቃችሁ። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነና ሰርቪስ ከሌላችሁ ይህ ነገር እናንተንም ደጋግሞ ሊገጥማችሁ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ከቤታችሁ አምስት ደቂቃ ከሆነ ጉዳያችሁም አይደለም።

ቀጥሎ የሚናገረው ማን እንደሆነ እዩ። ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው? ኬጂ ያለ ልጅ ወላጅና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ የሚያዩት ትምህርት ቤት አንድ አይደለም፤ መምህራኑም፣ ጫናውም ይለያያል። ልጁ ዝምተኛ ነው ወይስ ቀልቃላ? ዝምተኛ ልጅ በሥርዓት በሚመራ ክፍል ውስጥ ተረጋግቶ ሊማር ይችላል፤ ወይም ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። "እኔ ራሴ የተማርኩበት ነው" የሚሉ ሰዎችን በፍቅር ስሟቸው፣ ግን እሱ ያኔ ነው። ሲስተሮችና ብራዘሮች በማኅበራቸው ተመድበው የሚሠሩ ናቸው፣ ይዛወራሉም። ኃላፊ ሲቀየር የትምህርት ቤቱ ጠባይ አብሮ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ "ዳይሬክተሯ ከመጡ ስንት ጊዜ ሆናቸው?" ማለትን አትርሱ። የምትሰሙት ቅሬታ ከእሳቸው በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ምስጋናውም እንዲሁ።

"ካቶሊክ" የሚለው ስምም ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። የአዲስ አበባውን ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. የከፈቱት የዴ ላ ሳል ወንድሞች ናቸው፤ ሥራቸው ማስተማር የሆነ ማኅበር ነው፣ መሥራቻቸው ዣን ባፕቲስት ዴ ላ ሳልም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ተብለው ይከበራሉ። የዶን ቦስኮ ሳሌዥያኖች የሚባለው ማኅበር ደግሞ ሌላ ልማድ አለው። መሥራቻቸው ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ (ዶን ቦስኮ የሚባሉት) ልጅ አጥፍቶ ከሚቀጣ ይልቅ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ ጥፋቱን ቢከላከል ይሻላል ብለው ነው ያስተማሩት፤ ሜዳና ጨዋታም በእነሱ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው። ናዝሬትና ናቲቪቲ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች የታወቁት ሴት ልጆችን በማስተማር ነው። ሀገረ ስብከት ወይም ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) የሚያስተዳድራቸውም አሉ። ስለዚህ ሰው "የካቶሊክ ትምህርት ቤት እንዲህ ነው" ሲላችሁ "የትኛው? ማን ነው የሚያስተዳድረው?" በሉ። የአንዱ ስም ለሌላው አይሠራም።

አሁን ብዙ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ወደሚያስነሳው ነገር እንምጣ። ሃይማኖት። አያት "ልጄን ካቶሊክ ሊያደርጉብኝ ነው" ይላሉ። እባካችሁ አትሳቁባቸው። ፍርሃቱ ሥር አለው። አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ እምነትን በይፋ ከተቀበሉ በኋላ አገሩ ደም ተፋሷል፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ አልበረደም። ይህ በትውልድ ሲወራ የመጣ ነገር ነው። በሌላ በኩል ቁጥሩን ተመልከቱ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ኦርቶዶክሶች 43.5፣ ሙስሊሞች 33.9 በመቶ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሚያስተምሩት የሌላውን ሰው ልጅ ነው ማለት ነው፤ ይህንንም ያውቁታል።

የሚገርመው፣ ከካቶሊክ ወላጆች የምትሰሙት ቅሬታ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። "ስሙ ብቻ ነው ካቶሊክ፣ ልጄ ጸሎት እንኳ በደንብ አልተማረም" የሚሉ አሉ። ኦርቶዶክሷ እናት በዛ ትላለች፣ ካቶሊኳ አነሰ ትላለች። ሁለቱም ስለ አንድ የጠዋት ሰልፍ ነው የሚያወሩት።

ስለዚህ በወሬ አትወስኑ፣ ሄዳችሁ በግልጽ ጠይቁ። ነውር የለውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጣል ይላል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል። እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦ "ሲስተር፣ እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጸሎት አለ? ልጆች ቅዳሴ ይገባሉ? መግባት ግዴታ ነው? ግብረ ገብ የሚማሩት ከየትኛው መጽሐፍ ነው?" ሙስሊም ከሆናችሁ ስለ ሒጃብ፣ ስለ ዓርብ ሶላት፣ ስለ ረመዳን ጠይቁ፤ ሌሎች ሙስሊም ልጆች ሰልፉ ላይ ጸሎት ሲደረግ ምን እንደሚያደርጉም ጠይቁ። ቀጥተኛ መልስ ከሰጧችሁ፣ መልሱ ባይመቻችሁም እንኳ፣ የምትነጋገሩት ሰው አገኛችሁ ማለት ነው። "እሱ ችግር የለውም፣ እሱ ችግር የለውም" ብቻ ከሆነ ግን እዚያ የሚማር ልጅ ያለው የእምነታችሁን ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ።

ዲሲፕሊን ላይ አንድ ነገር ለዩልኝ። ጥብቅነት የምርጫ ጉዳይ ነው። ጸጉር፣ ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ሰዓት፣ ዝምታ፤ አንዱ ወላጅ ለዚህ ብሎ ይከፍላል፣ ሌላው ይታፈናል፣ ሁለቱም መብታቸው ነው። ዱላ ግን የአስተያየት ልዩነት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። "ትንሽ ቆንጠጥ ነው" ቢሏችሁም አትቀበሉ። የማይተዋወቁ ሁለት ወላጆች የመምታት ነገር ካነሱባችሁ ዳይሬክተሯን ፊት ለፊት ጠይቁ፤ "መምህር ልጅ መትቶ ያውቃል? ምን እርምጃ ወሰዳችሁ?" በሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም፣ ልጃችሁ ነው። ማዋረድም እንዲሁ ነው፤ ልጅን በጓደኞቹ ፊት "ሰነፍ" ብሎ ማቆም ሥርዓት ማስያዝ አይባልም።

ስለ ትምህርቱ ጥራት የሚወራውን በደብተር አጣሩ። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። እዚያ የሚማር የጎረቤት ልጅ ካለ ወላጁን አስፈቅዳችሁ የሒሳብና የአማርኛ ደብተሩን ገልጡ። ቀን ተጽፎበታል? መምህሩ ራይት እያደረገ ብቻ ነው ያለፈው ወይስ ልጁ የተሳሳተበትን ቦታ አሳይቶታል? የተሳሳተውን ልጁ እንደገና ሠርቶታል? ደብተሩ ከሰሌዳ በተገለበጠ ኖት የተሞላ ሆኖ የልጁ የራሱ ዓረፍተ ነገር ከጠፋበት "ጎበዝ ያደርጋሉ" የሚለው ወሬ በቃል ማስያዝ ሊሆን ይችላል። ልጁን ራሱንም አንድ ገጽ አስነብቡት፣ አማርኛም እንግሊዝኛም፤ ያነበበውንም በራሱ ቃል ይንገራችሁ። እንግሊዝኛ እየተንጣጣ አማርኛ ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ከተማው ውስጥ ሞልቷል።

ውጤት ሲነግሯችሁም የምን ውጤት እንደሆነ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ከተማ አቀፍ ፈተና አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ወላጅ ሁሉ ደንግጧል፣ እውነቱን ነው። ያ ድንጋጤ ግን የአንደኛ ክፍል ልጅ ላይ ሲወርድ የቤት ሥራ ክምር ይሆናል። "የቤት ሥራ ይበዛል" የሚለውና "ጠንካራ ትምህርት አላቸው" የሚለው አንድ ነገር መሆኑን የምታውቁት ልጁ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ስትጠይቁ ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው። ብዙዎቹ ለትርፍ ከተቋቋሙት የግል ትምህርት ቤቶች ያነሰ ያስከፍላሉ፣ ሰው የሚሻማባቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ግን ክፍያው መጻሕፍትን ይጨምራል ወይ፣ ዩኒፎርም የግድ ከእነሱ ነው ወይ የሚገዛው፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ የሚለውን ጠይቁ። ርካሽ የሆነው ክፍሉ ስለተጨናነቀ ከሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ሄዳችሁ በር ላይ ቁሙ። ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት፣ ልጆች ሲወጡ። ጠዋት ሁሉም ልጅ እንቅልፋም ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። ሲወጡ ግን መምህሩ አጠገብ ሲደርሱ ይጠጋሉ ወይስ ይሸሻሉ? ትንንሾቹን ማን ነው ለወላጅ የሚያስረክበው? ወላጁ ያልመጣለት ልጅ የት ነው የሚጠብቀው? የሰርቪስ ሹፌሮችንም አነጋግሩ፤ በየቀኑ ስለሚያዩ ብዙ ያውቃሉ።

ባልና ሚስት ካልተስማማችሁ ደግሞ ክርክሩን በትምህርት ቤቱ ስም አታድርጉት። ብዙ ጊዜ አባት "እኔ በኩርኩም ነው የተማርኩት፣ ምን ሆንኩ?" ይላል፣ እናት ደግሞ የልጁን እንባ ታስባለች። ወይም በተገላቢጦሽ። ሁለታችሁም በየፊናችሁ ሁለት ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ አንደኛው ፈጽሞ የማትቀበሉት፣ ሌላው ያለ እሱ የማይሆንላችሁ። ከዚያ ትምህርት ቤቱን አብራችሁ ጎብኙ። አንዱ ሄዶ ለሌላው የሚተርክለት ከሆነ ጭቅጭቁ ይቀጥላል። አያትም የሚመጡ ከሆነ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ሲስተሯን ካነጋገሩ በኋላ ሐሳባቸው ሊቀየር ይችላል፣ ካልተቀየረም ምክንያታቸውን በደንብ ትሰማላችሁ።

ካስመዘገባችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ታገሡ፣ ግን ዝም ብላችሁ አይደለም። ኮሙኒኬሽን ደብተሩን በየማታው ክፈቱ፣ አስተያየት ካላችሁ እዚያው ጻፉ፣ የወላጆች ስብሰባ አትቅሩ። የወላጆች ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር ሲነሳ ግን እሳቱ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ልጃችሁን ጠይቁ፣ ጠዋት ደግሞ የክፍል ኃላፊ መምህሩን አግኙ። ልጃችሁ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ ጥቂት ሳምንታት ካለፉና ትምህርት ቤቱም ጠርቶ ካላነጋገራችሁ፣ ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ በወሰነ ትምህርቱ እረፍት የሌላ ትምህርት ቤት በር አንኳኩ።