የሚሄድብንን ቀለም ቤታችን ውስጥ እንዴት እንለያለን?

ለታናሽ እህቴ ሰርግ ሰናፍጭ ቢጫ ቀሚስ ገዛሁ። የገዛሁት ባቲ፣ ሰኞ ገበያ፣ ብርቱካናማ ሸራ ከተወጠረበት ጥላ ስር ነው። እዚያ መስታወት ሳይ ፊቴ ወርቅ መስሎ ነበር። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ደሴ ላይ ለብሼው ስወጣ አክስቴ ደንግጣ «አሞሻል እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ፊቴ አመድ መስሏል፣ ከዓይኔ ስር ጠቁሯል። በፎቶዎቹ ሁሉ እንደዚያው ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቀለም ትንተና (ለማን የትኛው ቀለም እንደሚሄድበት ስለ መለየት) ማንበብ የጀመርኩት። ስዊዘርላንዳዊው ሰዓሊ ዮሐንስ ኢተን ከ1919 እስከ 1923 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ ባውሃውስ በተባለው ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በማስተማር ዘመኑ ተማሪዎቹ የሚመርጡት ቀለም ከቆዳቸውና ከፀጉራቸው ጋር እንደሚዛመድ አስተዋለ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሰውን በአራት ወቅቶች መመደብ አሜሪካ ውስጥ ተስፋፋ፦ ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም፣ ዊንተር። ስሞቹን ወደ እኛ ወቅቶች አትመልሷቸው። የእነሱ ኦተም የሚረግፍ ቅጠል ቀለም ነው፤ የእኛ መስከረም ግን አደይ አበባ ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ድሮ ጥቁር ሰው ሁሉ ዊንተር ነው ይባል ነበር፤ ስህተት ነው። ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር ስንል ቆዳው ምን ያህል እንደጠቆረ ነው የምንናገረው። እዚህ የምንፈልገው ከስር ያለውን ነው፦ ወደ ወርቃማ ያደላል (ሞቃት) ወይስ ወደ ሮዝና ሰማያዊ (ቀዝቃዛ)? እኩል ጠይም የሆኑ ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ በብርቱካናማ ስታበራ ሌላዋ ልትደበዝዝ ትችላለች። የእጅ ደም ስር አይቶ መለየት የሚባለውንም ለእኛ ቆዳ አላምነውም።

ዝግጅት። ፊታችሁን ታጠቡ፣ ሜካፕ አይኑር። ፀጉራችሁ ቀለም ወይም ሂና ከነካው በነጭ ሻሽ ሸፍኑት። ጨርቅ መግዛት አያስፈልግም፤ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳችሁ ቁርጥራጭ ለምኑ። የስልክ አፕ ግን ይቅርባችሁ። ካሜራው ራሱ ቀለም ያስተካክላል፣ ለቆዳችሁ የሌለውን መልክ ይሰጠዋል።

ብርሃን። እኔን የጣለኝ ይሄ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ሥሩት። ጨርቅም ግድግዳም ብርሃን ሲያርፍበት የራሱን ቀለም ፊታችን ላይ ይረጫል። ብርቱካናማው ሸራ ፊቴን ወርቅ ያስመሰለው ለዚህ ነው። ሰማያዊ ሸራ ስር ብቆም ኖሮ ሌላ ሰው እመስል ነበር። ቤታችሁ ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ውሃ ሰማያዊ ከተቀባ ከጎናችሁና ከኋላችሁ ነጭ አንሶላ ስቀሉ።

አምፖል አጥፉ። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ መስኮት ፊት ለፊት ቁሙ፤ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይምታችሁ። ደሴ ላላችሁ ደግሞ፦ ከጦሳ ተራራ ጉም የወረደ ቀን ሁሉም ሰው ግራጫ ይመስላል። ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቁ፣ ካልተገፈፈ ለነገ አቆዩት።

አሁን ሁለት ነጭ ያዙ። አንዱ በፋብሪካ የነጣ፣ ቦግ ያለ ነጭ ሻሽ። ሌላው የእጅ ፈትል፣ ለምሳሌ ወደ ክሬም ያደላ የቆየ ጋቢ። አገጫችሁ ስር አድርጋችሁ አፈራርቋቸው። ጨርቁን አትዩ፣ ፊታችሁን እዩ። እኔ ጋቢውን ሳደርግ በአፌ ዙሪያ ያለው ጥቁረት ጎልቶ ወጣ። ሻሹን ሳደርግ ጠፋ፣ ዓይኔም ነጣ። ቀዝቃዛ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው። የእናንተ ከተገላበጠ ሞቃት ናችሁ። ለማረጋገጥ የቲማቲም ቀይና ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀይ ሞክሩ፤ የወርቅና የብር ጆሮ ጌጥም እንዲሁ። ልዩነቱ ካልታያችሁ ሁለተኛ ሰው ጥሩ። ሰው «ጨርቁ ያምራል» ካለ አትቀበሉት፤ «ፊቴስ?» በሉት።

ድምቀት። በዚያው መንገድ ደማቅና ረጋ ያለ ቀለም አፈራርቁ። ደማቁ ፊታችሁን ቀድሞ ከታየ በዝቶባችኋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ምድቡ ራሱ ይወጣል። ሞቃትና ደማቅ ስፕሪንግ ነው፦ ኮክ፣ የአደይ ቢጫ፣ ለጋ ቅጠል። ሞቃትና ረጋ ያለ ኦተም፦ የጡብ ቀለም፣ ሰናፍጭ፣ ቡናማ። ቀዝቃዛና ረጋ ያለ ሰመር፦ ፈዛዛ ሮዝ፣ አመድማ ሰማያዊ። ቀዝቃዛና ደማቅ ዊንተር፦ ንጹህ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነቢት። ዛሬ 12 ንዑስ ምድብ የሚያወጡ አሉ። ለልብስ መግዣ አራቱ ይበቃሉ።

ገበያ ስትወጡ ጨርቁን ከሸራው ስር አውጥታችሁ ገላጣ ጥላ ላይ እዩት። ሸማኔ ጋ ጥለት ስታሠሩም ክሩን በር ላይ አውጥታችሁ ፊታችሁ ስር ሞክሩት፤ ነጠላ ስንለብስ ፊታችን አጠገብ የሚሆነው ጥለቱ ነውና።

ያ ሰናፍጭ ቀሚስ አሁንም አለኝ። ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ከወገቡ አስቆርጬ ጉርድ አስደረግኩት። ከላይ ነጭ ሸሚዝ እለብሳለሁ፣ ጥለቱ ነቢት የሆነ ነጠላ እደርብበታለሁ። ባለፈው እሱን ለብሼ አክስቴ ቤት ስገባ ስለ ጤናዬ አልጠየቀችኝም።